ማንሰንን ብሎ የገዛ ሰው ከሰረ

«ዘ ገርልስ»ን ከጨረስኩ በኋላ ሌላው ሰው ምን አለ ብዬ መፈለግ ጀመርኩና በዛው ቀረሁ። ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ስልኬን ይዤ የአንባቢ ውዳሴ ሳነብ ነው የማመሸው። መጽሐፉን የጻፈችው ኤማ ክላይን ናት፣ የመጀመሪያ ልብ ወለዷ ነው፣ ጁን 2016 ላይ ሲወጣ ልጅቷ 27 ዓመቷ ነበር። ገና ሳይወጣ ወሬው ሁሉ ስለ ብሩ ነበር፣ ራንደም ሀውስ ለሦስት መጽሐፍ ሁለት ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሰጣት ተባለ፣ እና ብዙው ሰው የገዛው «ይቺ ልጅ ምን ብትጽፍ ነው እስቲ» ብሎ ይመስለኛል። እኔ የደረስኩበት ሰው ሁሉ አውርቶ ከጨረሰ በኋላ ነው፣ ላይብረሪ አሮጌ መጽሐፍ በርካሽ ሲሸጥ አገኘሁት። እንደውም ጥሩ ሆነ፣ ግርግሩ ካለፈ በኋላ የሚቀረውን ውዳሴ ነው ያየሁት።

ታሪኩን ላላነበባችሁ ባጭሩ። 1969 ነው፣ ሰመር ነው፣ ሰሜን ካሊፎርኒያ ፔታሉማ ውስጥ ኢቪ ቦይድ የምትባል የ14 ዓመት ልጅ አለች። አባትየው ከአንዲት ወጣት ረዳቱ ጋር ሄዷል፣ እናትየው ራሷን ፍለጋ ላይ ናት፣ ዛሬ አንድ ዓይነት ዳየት ነገ ሌላ ዓይነት ቡድን ምናምን፣ የሚኖሩት ደግሞ በድሮ ጊዜ ፊልም ትሠራ በነበረችው በሴት አያቷ ገንዘብ ነው። ሰመሩ ሲያልቅ ኢቪ አዳሪ ትምህርት ቤት ልትገባ ነው። እና አንድ ቀን ፓርክ ውስጥ ፀጉራቸው የተንጨባረረ፣ ቀሚሳቸው የቆሸሸ፣ ለማንም ግድ የሌላቸው ልጃገረዶች ሲያልፉ ታያለች፣ ከነሱ መሀል አንዷ ሱዛን ናት፣ እና በቃ። ከዛ በኋላ ያለው ሁሉ ከዛች እይታ የሚመጣ ነው፣ ጥቁር የተቀባው አውቶብስ፣ ከከተማ የራቀው ራንች (ሰፊ የእርሻ ግቢ በሉት)፣ ራስል የሚባለው ጊታር የሚነካካ ሰውዬ፣ ለራስል የሪከርድ ውል ተስፋ ሰጥቶ የቀረው ሚች የሚባል ዝነኛ ሙዚቀኛ፣ መጨረሻ ላይ ግድያው። ግድያ እንዳለ ደራሲዋ ከመጀመሪያው ነው የምትነግረን፣ ስለዚህ ስፖይል አደረግሽብኝ እንዳትሉኝ።

(በነገራችን ላይ ስልሳዎቹ ስል የፈረንጆቹን ነው። የኛ ሰው «የስልሳዎቹ ትውልድ» ሲባል ወዲያው መሬት ላራሹ፣ ስድስት ኪሎ፣ ቀይ ሽብር ነው የሚመጣበት። የኛዎቹ ስልሳዎች ሲጀምሩ የነሱ ሊያልቅ ሁለት ዓመት ምናምን ነው የቀረው።)

አሁን ወደ ውዳሴው። በጣም ብዙ ሰው የሚጀምረው «ወደ ስልሳዎቹ ወሰደችኝ» ብሎ ነው፣ ሙቀቱ፣ ሙዚቃው፣ አቧራው፣ ነጻነቱ ምናምን እያለ ሁለት ሦስት መስመር ይሄዳል፣ ከዛ ሳያስበው ስለ ራሱ ማውራት ይጀምራል፣ በተለይ ሴቶቹ። አንዷ ስለ ስምንተኛ ክፍል ጓደኛዋ፣ ሌላዋ እናትና አባቷ ሲፋቱ ስለነበረችበት ሁኔታ፣ ሌላዋ በሃያ ዓመት ስለሚበልጣት ወንድ። እንግዲህ እነዚህ ሴቶች አብዛኞቹ በ1969 አልተወለዱም። አንዷ ኦሃዮ አንዷ ማንችስተር ናት፣ ሂፒ በፊልም እንጂ በአካል አይተው አያውቁም። እኔ እንደሚመስለኝ ሰው ይሄን መጽሐፍ የሚያመሰግነው በስልሳዎቹ አሳብቦ ነው፣ የወደደው ግን ሌላ ነገር ነው። እና ያ ሌላ ነገር ስልሳዎቹን ራሳቸውን በሌላ ዓይን ያሳያል ባይ ነኝ፣ ለዛ ነው ይሄን ሁሉ የምጽፈው።

በሌላ በኩል ደግሞ አንድ ኮከብና ሁለት ኮከብ የሚሰጡት አሉ፣ የነሱንም አነባለሁ፣ አንዳንዴ ከአምስት ኮከቡ በላይ ያስተምራሉ። የነሱ ቅሬታ በአብዛኛው አንድ ነው፣ ማንሰን የታለ? ደም የታለ? ምክንያቱም ራስል ማለት ቻርልስ ማንሰን ነው፣ ያ በ1969 ተከታዮቹን ልኮ ሰው ያስገደለው ሰውዬ፣ ስሙ ተቀይሮ፣ ይሄ ሚስጥር አይደለም፣ መጽሐፉም በዛ ነው የተወራለት። እና ማንሰንን ብሎ የገዛ ሰው ከሰረ። ራስል እዚህ መጽሐፍ ውስጥ ትንሽ ሰውዬ ነው። የሆነ ነገር ያወራል፣ ይዘፍናል፣ ልጃገረዶቹን ይነካካል፣ ይጠፋል። የደራሲዋ ዓይን ከሱ ላይ በፍጥነት ይነሳና ተመልሶ ሱዛን ላይ ያርፋል፣ የሱዛን አንገት፣ የሱዛን ጣቶች፣ ሱዛን አየችኝ አላየችኝም።

ይሄ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። የእውነቱን ታሪክ አስቡት። ማንሰን መጋቢት 1967 ሎስ አንጀለስ አጠገብ ካለው የተርሚናል አይላንድ እስር ቤት ወጥቶ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ መጣ፣ ያን ሰመር ሄይት አሽበሪ የሚባለው ሰፈር ወደ መቶ ሺህ የሚጠጋ ወጣት ጎርፎበታል፣ ከየስቴቱ ከቤቱ የጠፋ ልጅ ሁሉ እዛ ነው። ማደሪያ የሌላት፣ ከአባቷ የተጣላች፣ የሚያናግራት ሰው የምትፈልግ ልጅ በየጥጉ አለች፣ እሱ ደግሞ ዕድሜውን እስር ቤት ሰው ማንበብ ሲማር የኖረ ሰው ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ በነሐሴ 1969 በሁለት ሌሊት ሰባት ሰው ተገደለ፣ አንዷ የስምንት ወር ተኩል ነፍሰ ጡር የነበረችው የፊልም ተዋናይዋ ሻሮን ቴት ናት። ከገዳዮቹ መሀል ሱዛን አትኪንስና ፓትሪሺያ ክሬንዊንክል 21 ዓመታቸው፣ ሌስሊ ቫን ሁተን 19። ሌስሊ ከእስር የወጣችው በ2023 ነው፣ የ73 ዓመት ሴትዮ ሆና።

ከዛ ወዲህ አገሩ ያወራው ስለ ማን ነው? ስለሱ። ዓይኑ፣ ግንባሩ ላይ የቀረጸው ምልክት፣ ቲሸርት ላይ ፊቱ። አቃቤ ህጉ ራሱ በ1974 ስለሱ ያወጣው መጽሐፍ እስከዛሬ ይሸጣል። ሴቶቹ «የማንሰን ልጃገረዶች» ተብለው የሱ ንብረት እንደሆኑ ቀሩ። እንግዲህ ከነዚህ ሁሉ ዓመታት በኋላ አንዲት በ1989 የተወለደች ልጅ ትመጣና ልጃገረዶቹ ወደ ራንቹ የሄዱት በሱ ምክንያት ብቻ ላይሆን ይችላል፣ አንዷ ሌላዋን ተከትላ ሊሆን ይችላል ትላለች። ይሄን ሳነብ እስከዛሬ ማንም ሳያስበው እንዴት ቀረ አልኩ፣ ምክንያቱም አስራ አራት ዓመት የሞላት ልጅ ሁሉ ያውቀዋል እኮ። በዛ ዕድሜ ወንዱ ሰበብ ነው። የምትፈልጊው ያቺ ልጅ እንድታይሽ ነው።

እኔ ራሴ ናዝሬት ዘጠነኛ ክፍል ሆኜ አንዲት ልጅ ነበረች፣ ከአዲስ አበባ ተዛውራ የመጣች፣ ጫማዋን ረግጣው ነው የምትሄደው፣ አስተማሪ ሲቆጣት አታፍርም። ምንም የተለየ ቆንጆ አልነበረችም፣ ግን ከክፍል ስትወጣ አብራት የምትሄደው ልጅ ማን እንደሆነች ዛሬም አስታውሳለሁ፣ እኔ ስላልሆንኩ። ይሄው ነው፣ ምንም የሚቀጥል ታሪክ የለውም። ግን ክላይን ስለ ኢቪና ሱዛን የጻፈችውን ሳነብ ያቺ ልጅ ጫማዋን እየጎተተች መጣች፣ ናዝሬትና ፔታሉማ ደግሞ ምንም አያገናኛቸውም። የኦሃዮዋም የማንችስተሯም አንባቢ እንዲህ ነው የሆነባት ማለት ነው። ተቺዎች የሚጽፉት ስለ ዓረፍተ ነገሩ ውበት ነው፣ ተራው አንባቢ ግን «ያቺ ልጅ እኔ ነኝ» ብቻ ይልና ይሄዳል፣ እና እንደኔ እንደኔ የተራው አንባቢ ንባብ ነው የበለጠው።

ስለ ዓረፍተ ነገሩ ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልበል፣ አብዛኛው ሰው አይስማማም። ውዳሴው ሁሉ ቋንቋዋ ቋንቋዋ ይላል፣ እውነት ነው ልጅቷ ትጽፋለች፣ ትንሽ ነገር አይታ ሰው ያላለውን ትላለች። ግን ታበዛዋለች። እያንዳንዱ ነገር የሆነ ነገር ይመስላል፣ ፀሐዩም ይመስላል፣ ሳህኑም ይመስላል፣ ሽታውም ይመስላል፣ አንድ ገጽ ላይ ሦስት አራት ንጽጽር ስትደረድር ቅቤ እንደበዛበት ወጥ ያንገሸግሻል። የመጀመሪያ መጽሐፍ ነው፣ የመጀመሪያ መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው ያለውን ሁሉ ነው የሚያወጣው፣ ሌላ ዕድል አገኝ ይሆን እያለ። እኔ እነዛን ገጾች ፈጠን ብዬ ነው ያለፍኳቸው። ሸምድዳችሁ የምትጽፉት መስመር የምትፈልጉ ከሆናችሁ ግን ሞልቷል።

አሁን ደግሞ ስለ አንዲት ለየት ያሉ አንባቢ ላውራ። እኔ የምሠራው ሆም ኬር ነው፣ እዚህ ቤይ ኤሪያ ብዙዎቻችን እንደምንሠራው። ከምንከባከባቸው ሰዎች አንዷ በርክሌይ የሚኖሩ ትልቅ ሴትዮ ናቸው፣ በልቤ እማማ ነው የምላቸው። እማማ በ1967 አስራ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር፣ ኮሌጅ አቋርጠው ሄይት ስትሪት ላይ ከስንት ሰው ጋር አንድ ቤት ውስጥ ኖረዋል። መጽሐፉን ቦርሳዬ ውስጥ አዩትና ምንድነው አሉኝ፣ ነገርኳቸው፣ ፊታቸውን አጨማደዱ። ስለዛ ዘመን የሚጻፍ ነገር አይወዱም፣ ሁሉም አበባ ነው ወይ ሁሉም ደም ነው ይላሉ። ዓይናቸው ስለደከመ ማንበብ አይችሉም፣ ግን ኦዲዮቡኩን ከላይብረሪ አውርጄ ከፈትኩላቸው፣ ሰውነታቸውን ሳጥብ፣ ምሳ ስሠራ፣ አብረን ሰማነው።

ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ነው የሚሰሙት። ያስቆሙኝ ሱዛን የሽንት ቤት ሶፍት ስትፈልግ ኢቪ ሄዳ የምታመጣላት ቦታ ላይ ነው። «አቁሚው፣ መልሺው» አሉኝ። እንደገና ሰሙትና ሳቁ፣ እስኪያስላቸው ነው የሳቁት። ሁልጊዜ ሶፍት አልነበረንም አሉ። ስለ ሰላም የሚያወራ ሰው ሞልቷል፣ ስለ ዓለም መለወጥ የሚያወራ ሞልቷል፣ ሶፍት የሚገዛ ግን የለም። ከዛ ማውራት ጀመሩ፣ በባዶ እግር ከመሄድ ብዛት ተረከዛቸው ጥቁር እንደነበረ፣ ፍራሹ እንደሚሸት፣ ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ሳል እንደነበረው፣ ያን ሰመር ዶክተር ዴቪድ ስሚዝ የከፈተው ነጻ ክሊኒክ ደጃፍ ላይ የነበረው ሰልፍ። እኔ ሄይት አሽበሪን በቱሪስት ዓይን ነው የማውቀው፣ ቀለም የተቀባባ ቤትና ውድ አሮጌ ልብስ የሚሸጥ ሱቅ። የክሊኒኩን ሰልፍ አላውቅም ነበር።

የእማማ ውዳሴ እንግዲህ ይሄ ነው፣ ይቺ ልጅ ቆሻሻውን አገኘችው። እንዴት አወቀች እያሉ ደጋግመው ጠየቁኝ፣ እናቷ ነግራት ይሆን አሉ። ደራሲዋ ሶኖማ ነው ተወልዳ ያደገችው፣ ሰባት ልጅ ባለበት ቤት፣ እና ሞርኒንግ ስታር የሚባለው የታወቀው የሂፒዎች ራንች የነበረው እዛው ሶኖማ ካውንቲ ውስጥ ነው። ፔታሉማም እዛው ነው። አንዳንድ አገር ላይ ዘመን ካለፈ በኋላም ሰዎቹ አይሄዱም፣ ፀጉራቸው ነጭቶ ግሮሰሪ ወረፋ ላይ ታገኛቸዋለህ። ልጅ ሆና እነዚህን ሰዎች እያየች ነው ያደገችው፣ እኔ ለእማማ የሰጠሁት መልስ ይሄ ነበር፣ እሳቸው ግን ብዙም አላሳመናቸውም፣ የሆነች ሴትዮ ነግራታለች ብለው ነው የቀሩት።

ሶፍቷ ለምን እንደዛ ያዘቻቸው ብዬ ሳስብ ነው ነገሩ የገባኝ። ነጻነት የሚባለው ነገር ወጪ አለው፣ እና ወጪውን የሚሸፍን ሰው አለ። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ዲገርስ የሚባሉ ነበሩ፣ ፓንሃንድል የሚባለው ፓርክ ላይ በየቀኑ ለመጣ ሁሉ ምግብ በነጻ የሚያድሉ፣ ሱቃቸው ውስጥ ያለው ዕቃም በነጻ ነው፣ እስከዛሬ እንደ ጀግና ነው የሚወራላቸው፣ ሥራቸውም በእውነት ጥሩ ሥራ ነው። ግን አትክልቱን ከገበያ እየዞሩ የሚለምኑትና ድስቱን የሚጥዱት በብዛት ሴቶቹ ነበሩ፣ ማኒፌስቶ የሚጽፉት ወንዶቹ። ማንሰን የሰፈረበት ስፓን ራንች ደግሞ ድሮ የካውቦይ ፊልም የሚቀረጽበት ቦታ ነው፣ ባለቤቱ ጆርጅ ስፓን ዓይናቸው የማያይ ሽማግሌ ነበሩ፣ ኪራይ የሚባል ነገር የለም፣ በኪራዩ ፈንታ ልጃገረዶቹ ሽማግሌውን ይንከባከባሉ፣ ያበስላሉ፣ ያጸዳሉ። ለሌላው ሰው የሚበላ ከየሱፐርማርኬቱ ጀርባ ከቆሻሻ መጣያ ለቅመው የሚያመጡትም እነሱ ናቸው። ሰውዬው ጊታር ይነካል።

በክላይን መጽሐፍ ውስጥም እንዲሁ ነው፣ ልጃገረዶቹ ምግብ ፍለጋ ሲወጡ፣ ልጅ ሲያዝሉ፣ ድንች ሲልጡ፣ ገንዘብ ሲሰርቁ ነው የምናያቸው። ኢቪ ራሷ የምትፈለገው በምንድነው? ከእናቷ ቦርሳ በምታመጣው ብር። ደራሲዋ ይሄን አታስተምርም፣ ቁጭ ብላ አታብራራም፣ ለዛ ነው ብዙ አንባቢ ሳያየው የሚያልፈው፣ ግን ተሰምቶታል፣ ውዳሴው ውስጥ «ልቤን አሳዘነኝ ግን ለምን እንደሆነ አላውቅም» የሚል ሰው ብዙ ነው። ያ ዘመን ሴቶቹን ራሱ ያስመረራቸው ወዲያው ነው እኮ፣ ጃንዋሪ 1970 ኒው ዮርክ ውስጥ «ራት» የሚባለውን የአመጸኞቹን ጋዜጣ ሴቶቹ ከወንዶቹ እጅ ቀምተው ሮቢን ሞርጋን አብዮተኛ ነን የሚሉትን ወንዶች ልክ ልካቸውን የነገረችበትን ጽሑፍ አወጡበት። ግድያው ካለፈ አምስት ወር ነው።

ይሄን ሳስብ የኛም ስድስት ኪሎ ትዝ አለኝ። በመጋቢት 1960፣ ማለትም በ1968 በነሱ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ የፋሽን ሾው ተዘጋጅቶ ተማሪዎቹ ተነሱበት፣ ሚኒስከርት የምዕራባውያን የባህል ወረራ ነው፣ ሕዝብ እየተራበ ይሄ ምን የሚሉት ነው ተብሎ ግርግር ሆነ፣ ፖሊስ ገባ። ቤት ውስጥ ትልልቆቹ ሲያወሩት ነው መጀመሪያ የሰማሁት፣ እንደ ጀግንነት ነበር የሚወራው። እዚህ ካሊፎርኒያ በዛው ሰሞን ሚኒስከርት የነጻነት ምልክት ነው፣ እዛ የባርነት። የተቃራኒ ነገር ይመስላል። ግን ሁለቱም ጋ ስለ ልጅቷ ቀሚስ በአብዛኛው የሚከራከሩት ወንዶች ናቸው፣ ቀሚሱን የለበሰችው ልጅ ምን ፈልጋ ለበሰችው ብሎ የጠየቀ ሰው አልሰማሁም። ሞዴል ሊሆኑ የነበሩት ተማሪዎች ዛሬ የት ይሆኑ? አንዷ ብትጽፍልን፣ እውነቴን ነው፣ ሰልፍ ቆሜ ነው የምገዛው።

ስለ ግድያው ክፍል ብዙ አልልም። አጭር ነው፣ የሚከብድ ነው፣ ትንሽ ልጅ አለበት፣ እናት የሆነ ሰው ያንን ገጽ ቀን ላይ ያንብበው ነው ምክሬ። ከሱ ይልቅ አንባቢውን ሁሉ የሚያከራክረው ከሱ በፊት ያለው ቅጽበት ነው፣ ሱዛን መኪናውን አስቁማ ኢቪን መንገድ ላይ ጥላት የምትሄድበት። ገማሹ ሰው «ወዳት ነው፣ ልታድናት ነው» ይላል፣ ገማሹ «ንቃት ነው፣ አትችይም ብላት ነው» ይላል፣ ኢቪ ራሷም ዕድሜ ልኳን አልለየላትም። እማማ ምን እንዳሉ ልንገራችሁ? ምንም ምክንያት አልነበራትም አሉ። በዛ ዕድሜ በዛ ሁኔታ ላይ ያለ ሰው ምክንያት የለውም፣ ከመኪናው የሚወርደውና የማይወርደው በአጋጣሚ ነው፣ የወረደው ሰው ነው ምክንያት ሲፈልግ የሚኖረው። ከሳቸው ጋር አብረው ከነበሩት ስንቶቹ በምን እንደቀሩ እሳቸው ናቸው የሚያውቁት፣ አልጠየቅኳቸውም።

አሁን ወደ መጨረሻው ልምጣ፣ ምክንያቱም ከአክስቴ ልጅ ጋር የተጣላንበት ነገር ነው። መጽሐፉ ሁለት ጊዜ አለው፣ አንዱ 1969፣ ሌላው ዛሬ፣ ኢቪ ጎልምሳ ብቻዋን በአንድ የድሮ ወዳጇ ባዶ ቤት ባህር ዳር ተቀምጣ። ማታ የሰው ኮቴ ትሰማለች፣ መጡ፣ ሊገድሉኝ ነው ብላ ትደነግጣለች፣ የመጡት ግን የባለቤትየው ልጅ ጁሊያንና ሳሻ የምትባል ገና ልጅ የሆነች ገርልፍሬንዱ ናቸው። አብዛኛው አንባቢ፣ የወደደውም ጭምር፣ ይሄኛውን ክፍል አይወደውም። ያዘገያል፣ ዋናው ታሪክ 1969 ነው፣ ለምን ያቋርጡናል ይላል። የአክስቴ ልጅም እንደዛ ነው ያለችው፣ እንደውም ዘልዬው ነው ያነበብኩት አለችኝ ሳታፍር።

እኔ ደግሞ መጽሐፉ ያለው እዛ ነው ባይ ነኝ። ኢቪ ጎልምሳ ስትሆን ሥራዋ ምንድነው ብላችሁ ታስባላችሁ? ሊቭ ኢን ኤይድ ናት። ሰው ቤት እያደረች በሽተኛና ሽማግሌ የምትንከባከብ፣ አሁን ደግሞ ሥራ የፈታች። ውዳሴ ሁሉ ሳነብ ይሄን ነገር ከቁም ነገር የቆጠረው ሰው አላጋጠመኝም፣ እንደ ተራ መረጃ ነው የሚታለፈው፣ እኔ ግን እዛች መስመር ላይ ስደርስ ቁጭ አልኩ። እኛ እኮ እናውቀዋለን። የራስሽ ያልሆነ ቤት ውስጥ ማደር ምን እንደሆነ፣ የሌላ ሰው ሶፋ ላይ ስትተኚ እንቅልፍሽ እንዴት ስስ እንደሚሆን፣ የበር ድምፅ እንዴት እንደሚያስደነግጥ፣ ሻንጣሽ ሁልጊዜ ግማሹ ያልተፈታ። ኦክላንድ ቴሌግራፍ ላይ ካሉት የኛ ምግብ ቤቶች አንዱ ገብታችሁ ከተቀመጡት ሴቶች ጠይቁ፣ ስንቷ እንደዚህ እንደምትኖር ትነግራችኋለች። ክላይን ለኢቪ ማንኛውንም ሥራ መስጠት ትችል ነበር፣ የቢሮ፣ የሱቅ፣ የትምህርት ቤት። በ14 ዓመቷ ራንቹ ላይ የለመደችውን ነው የሰጠቻት፣ ለሰው እያጎነበሱ መኖር፣ የሌላ ሰው ስሜት ምን እንደሆነ ከፊቱ ማንበብ፣ ሲፈልጉሽ መገኘት ሳይፈልጉሽ መጥፋት። ልዩነቱ አሁን በሰዓት ይከፈላታል።

ከዛ ሳሻን ታያለች። ሳሻ የጁሊያንን ፊት እያየች ነው የምትስቀው፣ እሱ ካልሳቀ አትስቅም። 1969 አይደለም፣ ራንች የለም፣ አውቶብስ የለም፣ ጊታርም የለም፣ አንድ ተራ ባለጌ ልጅ ብቻ ነው ያለው፣ ልጅቷ ግን ልክ እንደዛው ናት። ኢቪ ልታናግራት ትሞክራለች፣ የሆነ ሰዓት ላይ የተግባቡም ይመስላል፣ ሳሻ ግን ከጁሊያን ጋር ትሄዳለች። ይሄን ቆርጠሽ ብትጥዪው የሚቀርሽ እኮ ደህና ሙዚቃ የነበረው ዘመን ትዝታ ነው አልኳት የአክስቴን ልጅ፣ እሷ ደግሞ አንቺ ሁሉንም ነገር ወደ ሥራሽ ነው የምታመጪው አለችኝ፣ ስልክ ላይ ተጯጯህን። መጽሐፉ አሁን ሲልቨር ስፕሪንግ እሷ ጋ ነው፣ የዘለለችውን እንድታነብ አስምያታለሁ፣ ሳሻ ጋ ስትደርስ ትደውላለች።